ለጫት የሚቆም ሰዓት ለታማሚ ለምን አይቆምም?

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ከእኩለ ቀን በኋላ ጉዳይ ሊጨርስ የሚወጣ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል። ነዋሪው ዛሬም «ፕላስ ምኒልክ» እያለ የሚጠራው አደባባይ ዙሪያ ያሉ ሱቆች የብረት መዝጊያቸውን አውርደዋል። ባለታክሲው መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሞ በሩን ከፍቶ ተኝቷል። ሰባት ሰዓት ገደማ ሲሆን ግን ከኢትዮጵያ የተጫነው ጫት ይገባና ከተማው ለጥቂት ደቂቃ ነፍስ ይዘራል። ጥሩምባ ይነፋል፣ መንገድ ዳር ጠረጴዛ የዘረጉ ሴቶች እስሩን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍናሉ፣ ወንዱ ይሻማል። ከዚያ ሁሉም ወደየመቃሚያው ይገባና እስከ አሥር ሰዓት ድረስ መንገዱ የፍየሎችና የአዲስ መጤዎች ይሆናል።

በበጋው ወራት፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ከበረሃው የሚነሳው ከምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ የሙቀት መለኪያው አርባን አልፎ ይሄዳል። ያኔ የጉልበት ሥራ ወደ ንጋትና ወደ ሌሊት ይሸሻል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ የቢሮው፣ የሱቁና የምግቡ ሰዓት እንደገና ይደለደላል። አንድ ከተማ ሙሉ ለፀሐይ፣ ለጾምና ለጫት ሲል ሰዓቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ይህን ማንም «ልዩ አስተያየት» ብሎ አይጠራውም። ልማድ ነው።

በዚሁ ከተማ ስኳር ያለበት አንድ የመጋዘን ሠራተኛ «የሌሊት ፈረቃው ይቅርልኝ» ሲል ግን የካቦው ፊት ይለወጣል። «ለአንተ ብዬ ሰዓት ልቀይር?» ይባላል። ጥያቄው ከመልሱ በፊት እንደ ልመና ተቆጥሯል።

ወይ አልጋ ላይ፣ ወይ ሥራ ላይ

አብዛኛው አንባቢ የሕመም ፈቃድን ያውቃል። «የሐኪም ወረቀት አምጣ» ይባላል፣ ይመጣል፣ ሰውየው ቤቱ ይተኛል። ያላወቅነው፣ ወይም በግማሹ ብቻ የምናውቀው፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። መሥራት የሚችል፣ መሥራትም የሚፈልግ፣ ግን ሰዓቱ እንዲስተካከልለት የግድ የሚያስፈልገው ሰው ምን ያድርግ? ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን አራት አራት ሰዓት እጥበት ላይ የሚቀመጠው፣ መርፌውንና ምግቡን በሰዓቱ ካላገናኘ የሚወድቀው፣ በየማለዳው ክኒን ሊውጥ ጤና ተቋም የሚሄደው ሰው አልጋ ላይ አይደለም። እንደ ጤነኛውም አይደለም።

የአገራችንም የጅቡቲም ሕግ እነዚህን ሰዎች በደንብ አያያቸውም። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 85 ላይ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ሠራተኛው ከሥራ በቀረ ማግስት ማሳወቅና ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማምጣት አለበት። ጥሩ ነው። ነገር ግን አንቀጹ የሚናገረው ስለ መቅረት ነው፤ ዘግይቶ ስለ መግባት፣ ቀድሞ ስለ መውጣት፣ ፈረቃ ስለ መቀየር አይደለም።

ጅቡቲም የተለየ መንገድ አልሄደችም። እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃ ከወጣች በኋላ እንኳ ለረጅም ዓመታት የሠራችው ፈረንሳይ በ1952 ለባሕር ማዶ ግዛቶቿ ባወጣችው የሥራ ሕግ ነበር። የራሷን የሥራ ሕግ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የድሮው ሕግ የሳምንቱን ሥራ 40 ሰዓት ያደርገው ነበር፤ አዲሱ 48 አደረገው። የድሮው ሕግ በሐኪም የተረጋገጠ ሕመምን ውሉ የሚታገድበት እንጂ የሚፈርስበት ምክንያት አያደርገውም ነበር፤ የእገዳው ጣሪያም ስድስት ወር ነበር። ጥሩ ከለላ ነበር። ሆኖም እዚህም ታማሚው ወይ ታግዶ ቤቱ ነበር፣ ወይ በሙሉ ሰዓቱ ሥራ ላይ ነበር።

> ሕጉ የተኛውን ታማሚ ያውቀዋል። ቆሞ የሚሠራውን ታማሚ ግን ጤነኛ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ሕግ አውጪው ማስተካከል አያውቅም ማለት አይደለም፤ ሲፈልግ በደንብ ያውቃል። ይኸው አዋጅ 1156 ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት እንዳትሠራ፣ ትርፍ ሰዓትም እንዳትታዘዝ ይከለክላል። ሥራው ለእሷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠም ወደ ሌላ የሥራ ቦታ እንድትዛወር ያዛል። የሰዓት ማስተካከያ ማለት ይህ ነው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪው ማስተካከል ያለበትን ሲዘረዝር ከመሣሪያውና ከሥራ አካባቢው ጋር የሥራ ሰዓትንም በግልጽ ይጠቅሳል። ችግሩ ስኳር፣ ግፊት ወይም ቲቢ ያለበት ሠራተኛ ራሱን በዚያ አዋጅ ውስጥ አለማየቱ ነው። አሠሪውም አያየውም። አንድ የሕግ ባለሙያ የሥራ አቅምን ለረጅም ጊዜ የሚቀንስ በሽታ በአዋጁ ሊሸፈን ይችላል ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ጅቡቲ ውስጥ ፒኬ 12 በተባለው የተሳቢዎች ማረፊያ ወረፋ ለሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ ሾፌር ግን ያ ክርክር ሩቅ ነው።

ፖል ፎር፣ ማለዳ

በጅቡቲ የቲቢ ሕክምና ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ፖል ፎር ማዕከል ነው። ከተማዋ በሽታውን ከጥንት ታውቀዋለች። ወደብ ናት፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ያድራል፣ ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ተሰልፈው ከሚጠብቁት መካከል አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛ፣ ሶማልኛ የሚናገር አይጠፋም።

የቲቢ መድኃኒት ጸባይ ከሥራ ሰዓት ጋር ይጋጫል። ሕክምናው በተለመደው መልኩ ስድስት ወር ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ቢወሰድ ይመረጣል፤ በተለይ በመጀመሪያው ጊዜ ሕመምተኛው በየቀኑ በጤና ባለሙያ ፊት ይውጠው ዘንድ ይመከራል። ይህ የሆነው ሰው ስለማይታመን ብቻ አይደለም። ሁለት ሦስት ሳምንት ከዋጡ በኋላ ሕመሙ ይቀላል፣ ትኩሳቱ ይጠፋል፣ ክብደት ይመለሳል፤ ያኔ ነው ብዙው የሚያቋርጠው። ሕክምናው የተቋረጠበት በሽታ ደግሞ መድኃኒት ተላምዶ ሊመለስ ይችላል።

አሁን ይህን ከጉልበት ሠራተኛ ማለዳ ጋር እናጋጨው። የቀን ሠራተኛ የሚመረጠው ሳይነጋ ነው። ፀሐይ ከበረታች ሥራው አይገፋም፤ ስለዚህ ጅማሬው አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ጤና ተቋሙ ደግሞ በሩን የሚከፍተው በቢሮ ሰዓት ነው። መድኃኒቱን የመረጠ የቀን ሥራውን ያጣል፣ ሥራውን የመረጠ መድኃኒቱን። በጅቡቲ ከተማ ይህን ምርጫ የሚያደርጉት ብዙዎቹ ወገኖቻችን ናቸው፤ ምርጫውንም ማንንም ሳያማክሩ ነው የሚያደርጉት።

ለምን አይናገሩም? አንዱ ምክንያት ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት ነው። ሽንትን ወደ ብርቱካናማ ቀይ ይቀይራል፣ እንባንና ላብንም ሊያቀልም ይችላል። ጉዳት የለውም። ነገር ግን አሥር ሰው በአንድ መጸዳጃ በሚጠቀምበት ግቢ ምሥጢር አያስቀምጥም። ወሬው ካቦው ጋ የሚደርሰው ከሐኪሙ ወረቀት በፊት ነው። ካቦው የሚያስበው ስለ መተላለፍ ነው፤ ጭራሽ መሠረት የለውምም አይባልም። ሆኖም መድኃኒቱ የሚሠራለት ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ በሽታውን የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይወርዳል። ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ቀላል ነው፦ መጀመሪያ የሕመም ፈቃድ፣ ሐኪሙ «ወደ ሥራ ይመለስ» ሲል ደግሞ የማለዳ ሰዓት ማስተካከያ። የመጀመሪያውን የሚፈቅዱ አሠሪዎች አሉ። ሁለተኛውን የሚጠይቃቸው ሰው ግን እምብዛም አያገኙም።

ኤች አይ ቪም አብሮ ያለበት ሰው ሰዓቱ ይበልጥ ይጠብበታል። ዛሬ በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ቢሆንም ከሪፋምፒሲን ጋር ሲሆን በቀን ሁለት ጊዜ ይደረጋል።

መርፌው በፒኬ 12

ከከተማው መውጫ ላይ ያለው ፒኬ 12 የኢትዮጵያ ተሳቢዎች የሚያርፉበት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ የኤርትራ ጦርነት ወዲህ ከሞላ ጎደል ሙሉ የባሕር ንግዷን በጅቡቲ ስለምታደርግ፣ የኢትዮጵያ ስንዴና ማዳበሪያ ጉዳይ የሚወሰነው እዚህ አቧራ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሾፌሩ ትራንዚተሩን ይጠብቃል፣ ወረቀቱን ይጠብቃል፣ ወረፋውን ይጠብቃል። ስልክ ሲደወል ወዲያው መነሳት አለበት። እኩለ ሌሊትም ይሁን ምግብ ላይ፣ የደወለው ሰው ግድ የለውም።

አሁን የስኳር ሕመምተኛውን ሾፌር እናስበው። ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚወስደው ቅይጥ ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ከመበላቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ በፊት የሚወጋ ነው። ተወግቶ ምግቡ ከቀረ ስኳሩ ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ይመጣል። ይህ ሁሉ አርባ ቶን ተሸክሞ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ጋላፊ በሚወጣ መኪና መሪ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙው የሚያደርገው ለጤናው የከፋ፣ ለመንገዱ ግን የተሻለ የሚመስለውን ነው፦ በጉዞ ቀን መርፌውን ይዘለዋል። ሌላው እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት ይይዛል። ጫቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ ሌሊቱንም ይነጥቀዋል።

ከዚህ ሌላ ሙቀቱ አለ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጥ ይባላል፤ ጋቢናው ውስጥ በመስኮቱ በኩል ያለው ቦታ ግን እንቁላል የሚያበስል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው መልካም ወሬ አለ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰሜን ኬንያ በዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ ያለውን የሙቀት መለዋወጥ ተከትለው የሠሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት የተቀመጠ ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደጠበቀ አሳይቷል። ፍሪጅ የለኝም ብሎ መርፌ የሚተው ሰው እንግዲህ ምክንያቱ ጠቧል። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ፣ ጥላ ውስጥ፣ ከመቀመጫው ሥር። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

> ሾፌሩ የሚያስፈልገው የዕረፍት ቀን አይደለም። «አሁን አልነሳም፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ እነሳለሁ» ማለት መቻል ነው።

አርባ ደቂቃውን የሚፈራው ሾፌሩ ራሱ ነው። «ስኳር አለብኝ ካልኩ መኪናውን ይወስዱብኛል» የሚል ሐሳብ ከሾፌሮች አፍ አይጠፋም። ባለንብረቶችን ስትጠይቅ ደግሞ የሚመልሱት ተመሳሳይ ነው፦ ደንበኛው አይጠብቅም፣ መኪናው የባንክ ዕዳ አለበት፣ አንዱን ብንፈቅድ ሁሉም ታመምኩ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው። ሦስተኛው ሰበብ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰዎች ከሥራ ለመቅረት ሲሉ ይዋሹ ይሆናል፤ በየቀኑ በሁለት የተወሰነ ሰዓት ለመብላት ሲል የሚዋሽ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

የጉልበቱን ሥራ በተመለከተ የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በሌላው ስማቸው ምንም ይነሳ፣ አንድ ነገር አሳይተዋል። ኳታር እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 (በፈረንጆቹ) ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ከቤት ውጭ ማሠራትን ከልክላለች። ግንባታው አልቆመም። ሰዓት ሲነካ ሥራ ይፈርሳል የሚለው ፍርሃት በዚያ አልተረጋገጠም።

ማዳም ቤት

ከሁሉ የሚከብደው ሰዓት የሌለው ሥራ ነው። በጅቡቲ ብዙ ቤቶች ውስጥ ምግብ የምታበስለውና ልጅ የምታሳድገው ኢትዮጵያዊት ናት። ተመላላሽ ከሆነች ቢያንስ የምትወጣበት ሰዓት አላት። አዳሪ ከሆነች የሥራ ሰዓቷ ማዳም ከምትነቃበት ማዳም እስከምትተኛበት ነው። ሰዓት ያልተቆረጠለት ሥራ ላይ የሰዓት ማስተካከያ ምን ተብሎ ይጠየቃል?

አገር ቤትም ነገሩ የተሻለ ነው ለማለት ይከብዳል። አዋጅ 1156 የቤት ሠራተኞችን ከተፈጻሚነቱ አውጥቶ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ይላል። ስለዚህ ቦሌ ያለችውም ሴት፣ ጅቡቲ አምቡሊ ሰፈር እንዳለችው ሁሉ፣ በአዋጁ ጥላ ሥር አይደለችም።

ቢሆንም የሚሳካላቸው አሉ። የሚሳካላቸው ደግሞ አንድ ዓይነት ዘዴ ሲጠቀሙ ይታያል። «አሞኛል» አይሉም። «ማክሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ነኝ፤ ሰኞ ማታ ምሳውን ሠርቼ ፍሪጅ አስገባለሁ፤ ስድስት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» ይላሉ። ማዳም የሚያስጨንቃት ምሳው ነው፤ የምሳው ጥያቄ ከተመለሰ በሽታው የእሷ ጉዳይ አይደለም። ይህ ፍትሕ ነው አልልም። ግን ይሠራል።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

ከላይ ያሉትን ሁሉ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የተከለከሉት አብዛኞቹ የጠየቁት ርኅራኄ ነው፤ የተፈቀደላቸው የጠየቁት ሰዓት ነው።

የሐኪሙ ወረቀት እንኳ ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን ነገር ይናገራል። የበሽታውን ስም ይጽፍና ምን መደረግ እንዳለበት ይዘላል። አሠሪው ማወቅ የሚገባው ግን ሁለተኛውን ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተጠቅመው ፈረቃ ሲያስቀይሩ ሐኪማቸው የሚጽፈው «ሌሊት አይሥራ፤ በየአራት ሰዓቱ ምግብ ይብላ» የሚል ዓይነት ነው። እዚህም ሐኪሙን «የምችለውንና የማልችለውን ሰዓት ይጻፉልኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በጅቡቲ ወረቀቱ የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ስለሆነ ከክፍሉ ሳይወጡ ምን እንደሚል ማስነበብ ያዋጣል።

ከዚያ የራስ ማመልከቻ ይከተላል። አጭር ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ከዚህ ወር መጀመሪያ አንሥቶ ለስድስት ወር በየማለዳው ሕክምና ስላለኝ የመግቢያ ሰዓቴ ከ12 ወደ 3 ሰዓት እንዲዛወርልኝ፣ የሚጎድለውን ሦስት ሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ እንድሠራ እጠይቃለሁ። የሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ።» መነሻ አለው፣ ማብቂያ አለው፣ የጎደለው እንዴት እንደሚሞላም ተነግሯል። የበሽታው ስም የለም። ቅጂው ከቀንና ከፊርማ ጋር ሠራተኛው እጅ ይቀራል፤ ነገ የሥራ ተቆጣጣሪ ፊት ቢቀርብ የሚናገርለት እሱ ነውና።

አንድ የማይረባ የሚመስል ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጅቡቲና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ናቸው፤ አቆጣጠራቸው ግን በስድስት ሰዓት ይለያያል። ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ «8» ሲል እኛ ሁለት ሰዓት የምንለውን ነው። በስምንት ሰዓት ብሎ ከቀትር በኋላ መድኃኒቱን የዋጠ፣ ለካቦውም «በስምንት ነው የምገባው» ብሎ ሲጣላ የዋለ ሰው አለ። ማመልከቻ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር መጻፍ ከብዙ ጠብ ያድናል።

ይህን ሁሉ አንድ ወረቀት ለሌለው የቀን ሠራተኛ መምከር ቀልድ ሊመስል ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ወደ ሥራ ተቆጣጣሪ አይሄድም፤ ማመልከቻ ቢያስገባ ማግስቱን የሚተካው ሰው በር ላይ ቆሟል። ለእሱ የሚቀረው መንገድ በሽምግልና ነው፦ አሠሪውን የሚያውቅ ነባር ነዋሪ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰው፣ ቀድሞ እዚያው የሠራ ያገር ልጅ። ብዙው የሰዓት ማስተካከያ በጅቡቲ የሚገኘው እንዲህ በአፍ ነው። በአፍ የተገኘ ደግሞ ካቦው ሲቀየር አብሮ ይቀራል።

ለዚህም ነው ጉዳዩን ለግለሰቡ ብቻ መተው የማይበቃው። ጅቡቲ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲና ኮሚዩኒቲው አንድ ገጽ ቅጽ፣ በአንድ በኩል አማርኛ በሌላው ፈረንሳይኛ፣ ሐኪሙ የሚሞላውና አሠሪው የሚፈርምበት፣ አዘጋጅተው በጤና ተቋማትና ፒኬ 12 ላይ ቢያስቀምጡ የሚያወጡት የወረቀት ዋጋ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ የትራንስፖርት ማኅበራትም ለሾፌሩ በጽሑፍ «በመርፌና በምግብ ሰዓት ስልክ ባለማንሳትህ አትጠየቅም» ይበሉት። ከዚህ የቀለለ ነገር ሊጠየቁ አይችሉም።